እትዬ ማባዣ መድረክ ላይ

የአንድ ሰው ቴአትር ሲባል አንድ ሰው ብቻ የሚለፋበት የሚመስለው ካለ፣ ይምጣና ከመጋረጃው ጀርባ እኔ የቆምኩበት ላይ ይቁም። ከፊት አንድ ሽማግሌ መምህር ይታያሉ፤ ያስቃሉ፣ ያስለቅሳሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል። ከኋላ ጉልበቷን የሚያማት አንዲት ጡረተኛ ሦስት ኮት፣ ሁለት መነጽር፣ አንድ የእጅ ደወልና አንድ የተማሪ ሹራብ ይዛ በጨለማ ስትደናበር ግን ማንም አያያትም። አለመታየቱን እንኳ አልጠላሁትም ነበር። እኔ ሳልታይ መኖር የለመድኩ ሰው ነኝ። ለምን እንደለመድኩት ደግሞ እነግራችኋለሁ፤ ከእንግዲህ ምን የምደብቀው ቀረ።

መምህርን ተማሪዎቹ «ካርታው» ይሏቸው ነበር። ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምሩት፤ ፊታቸውን ወደ ክፍሉ እንዳዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የፈለጉትን አገር ካርታ በጠመኔ ይስሉታል። እኔን ደግሞ «እትዬ ማባዣ» ይሉኛል። ሁለታችንም የሠራንበት ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእኔ ማሽን ነው የተባዛው። እጄ ከቀለም ጸድቶ አያውቅም ነበር፤ ጡረታ ወጥቼ እንኳ ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ለመልቀቅ ዓመት ፈጅቶበታል።

ከሁለት ወር በፊት መምህር ቤቴ ድረስ መጥተው «እትዬ፣ ቴአትር ልሠራ ነው» አሉኝ።

«በሰባ ዓመትዎ?»

«በሰባ ሁለት።»

አርባ ዓመት ያስተማሩበትን ዘመን ብቻቸውን ሊጫወቱት ነው። ዳይሬክተሩንም፣ ወላጁንም፣ ተማሪውንም፣ ራሳቸውንም የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ቦታው ያው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ልብስ የሚያቀብል፣ መብራት የሚያጠፋ፣ መጋረጃ የሚስብ ሰው ይፈልጋሉ። «ሌላ ሰው አጡ?» ብላቸው፣ «ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ወረቀት ሳታዛንፊ የቆጠርሽ ሴት እያለሽ ማንን ልፈልግ?» አሉኝ። ሰው ሲያሞግሰኝ ወገቤ ይላላል፤ እሺ አልኩ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ነገር ግን ላስፈቅድሽ» አሉ። «የልጅቷን ነገር አስገብቼዋለሁ። ስም አልጠራም። ግን ይቅርታ ሳልጠይቃት መሞት አልፈልግም። ቅር ይልሻል?»

«ኧረ እኔን ምን ቅር ይለኛል» አልኩ። ምነው ያኔ አፌን በያዘው።

ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ስትሞት የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ወደ እኔ መጣች፣ በቃ ልጄ ሆነች። ድንቡሼ እያልኩ አሳደግኳት። ስሙን ያወጣሁላት ለሕፃንነት ጉንጯ ነው፤ ኋላ ላይ ክር አክላ ብትቀርም አልቀየርኩትም። በትምህርት የሚደርስባት አልነበረም። ውጤት በተለጠፈ ቁጥር አንገቴን ቀና አድርጌ በመምህራኑ መሃል የምሄደው እሷን ይዤ ነው።

የማባዣ ማሽን መጀመሪያ የሚተፋቸው አሥር አሥራ አምስት ወረቀቶች አይረቡም፤ ወይ ቀለሙ ይፈዛል፣ ወይ ይጨማለቃል። ደንቡ፣ እነዚህ ብልሽቶች በሁለት ሰው ፊት ተቆጥረው፣ ተፈርሞባቸው ይቃጠሉ ይላል። እኔ ደግሞ ጀርባው ነጭ የሆነ ወረቀት ሲቃጠል ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ያለፈ ዓመት ፈተና ማንን ይጎዳል ብዬ፣ ጥቂት ጥቂቱን እያስቀረሁ የልጅቷን ደብተሮች እሸፍንበት ነበር። ጽሑፉን ወደ ውስጥ፣ ነጩን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ዳር ዳሩን በዱቄት ሙጫ እለጥፈዋለሁ። ታዲያ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ሁለት ክምር ተምታታብኝ። የዚያኑ ዓመት፣ ገና ያልተፈተኑትን የጂኦግራፊ ፈተና አንስቼ ደብተር ሸፈንኩበት።

ፈተናው መጣ፤ ዘጠና ስምንት አገኘች። ከፈተናው በኋላ መምህር ደብተር ሰብስበው ሲያርሙ ሽፋኑ እጃቸው ላይ ተላቀቀ። ገልበጥ ቢያደርጉት የገዛ ፈተናቸው ቁጭ ብሏል።

ጉድ ፈላ። ከአክስቷ ክፍል ሰርቃ፣ አጥንታ፣ እዚያ ደበቀችው ተባለ። ሌላ ምን ይባላል? ዳይሬክተሩ ቢሮ ወስደው ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት «አገኘሁት» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ማን እንደሸፈነላት ታውቃለች፤ በማን ደመወዝ እንደምንኖርም ታውቃለች። ጸሐፊዋ ወሬውን ይዛልኝ ስትመጣ ገና ረፋድ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? በሬን ቆለፍኩ። የቀሩትን ብልሽቶች ከሳጥኑ ሥር አወጣሁ፣ ማሽን የማጸዳበት ነጭ ጋዝ አርከፈከፍኩበትና እስከ መጨረሻው አቃጠልኩ። ይኸው ነው ያደረግኩት። ልጅቷ በስርቆት ተባረረች። እኔ በሬን በወጉ ባለመዝጋቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከዚያ ውጪ ሰው ሁሉ ከንፈር መጠጠልኝ። «ምስኪን፣ ያሳደገቻት ልጅ ጉድ ሠራቻት» አሉ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ማጽናናታቸውን ተቀበልኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ድንቡሼ ስፌት ተማረች፣ አገባች፣ ሁለት ወለደች፣ አሁን የራሷ ልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ትጠይቀኛለች፤ ሲያመኝ ሐኪም ቤት የምትወስደኝ እሷ ናት። ስለዚያች ቀን ግን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ወሬያችን ወደዚያ ጠጋ ካለ ወይ እኔ ድስት ላማስል እነሳለሁ፣ ወይ እሷ ልጆቿን ትጠራለች።

እንግዲህ በልምምዱ ሁሉ የሰማሁትን አስቡት። መምህር የቴአትሩ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሲደርሱ ሹራቡን ለብሰው ተማሪዋን ይሆናሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዚያ ሹራቡን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ያደርጉትና ልክ ልጅቷን እንደያዙ ሁሉ እያዩት እንዲህ ይላሉ፦ «አንቺ የሰረቅሽኝ አንድ ወረቀት ነው። እኔ የሰረቅኩሽ ግን ዕድሜሽን ነው።»

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሳቸው ደስ አላቸው። «አየሽ፣ አንቺን ካስለቀሰ አዳራሹንማ ያጥለቀልቀዋል» አሉ። አያችሁ ሞኝነት፤ የእሳቸውንም የእኔንም ማለቴ ነው። ከልባቸው ይቅርታ እየጠየቁ ነው፣ ከልባቸውም ሌባ እያሏት ነው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ያስላቸዋል፣ ውኃ አቀብላቸዋለሁ፣ ያልፋል። ነገ እላለሁ፤ ነገ ኮቱ ቁልፍ ይበጠስበታል፣ እሱን ስተክል ይመሻል። ሁለት ወር እንዲህ አለቀ። የምጽናናው በአንድ ነገር ነበር፦ ድንቡሼ ቴአትር አትሄድም፣ አትሰማውም።

የቴአትሩ ቀን እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ጠዋት ጠረጴዛዬን እያሰናዳሁ ነው። በጨለማ እንዳልሳሳት የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ በጠመኔ ከብቤበታለሁ፤ መነጽር እዚህ፣ ደወል እዚያ። መምህር እጃቸውን እያፋተጉ መጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

«እትዬ፣ ትመጣለች።»

«ማን?»

«ልጅቷ ናታ። ሱቋ ድረስ ሄጄ ጋበዝኳት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ በኋላ እመጣለሁ አለችኝ። ፊት ለፊት ተቀምጣ ትስማው።»

«ምን እንደሚሉ ነግረዋታል?»

«ከነገርኳትማ ምኑን ቴአትር ሆነ።»

እጄ ላይ የነበረውን መነጽር አስቀመጥኩ። «መምህር፣ ያ ወረቀት…» ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ አሁን ያለው ዳይሬክተር፣ ወጣቱ፣ ወንበር በቂ መሆኑን ሊጠይቅ ገባ። አንድ ላይ ወንበር ሊቆጥሩ ወጡ። ተከትዬ ልወጣ እችል ነበር፤ አዳራሹ ባዶ ነበር፣ ጊዜም ነበረን። አልወጣሁም። ቦታው ላይ የነበረውን ደወል አንስቼ እዚያው ቦታው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የድሮ ተማሪዎች፣ የድሮ መምህራን፣ ያኔ ከንፈር የመጠጡልኝ ሰዎች ሁሉ መጥተዋል። በመጋረጃው ክፍተት ሳይ ድንቡሼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ብቻዋን ነው የመጣችው።

የመጀመሪያው ክፍል ሰውን በሳቅ ገደለው። መምህር የዳይሬክተሩን ኮት ለብሰው በሰልፍ ላይ ሲቆጡ፣ የዘገየ ተማሪ አባት ሆነው ምክንያት ሲደረድሩ፣ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አቀብላለሁ፣ እቀበላለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ፣ አበራለሁ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል።

ሦስተኛው ክፍል ሊጀመር መብራት አጠፋሁ። ላብ በላብ ሆነው እየተነፈሱ መጡ፤ ኮቱን አወለቅኩላቸው። ያለን ጊዜ ደወል ደውዬ እስክጨርስ ድረስ ብቻ ነው።

«መምህር፣ አልሰረቀችም» አልኩ።

«ሹራቡን፣ ሹራቡን።»

«አልሰረቀችም እኮ ነው የምልዎት፣ እኔ ነኝ…»

«በኋላ፣ እትዬ፣ በኋላ» ብለው አንድ እጃቸውን ሳያስገቡ ሹራቡን እየጎተቱ ወጡ። አይፈረድባቸውም። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለች ሴት አሁን በዚህ ጨለማ ምን ትዘበዝባለች ብለው ይሆናል።

ጀመሩ። ስም አልጠሩም፤ ግን ስም መጥራት አላስፈለገም። «አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ» ሲሉ ፊት የተቀመጡት አንገታቸውን ማዞር ጀመሩ። ከዚያ መሃል ያሉት። አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ፣ ያላዩ እየመሰሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አዩ። አብረዋት የተማሩ ሴቶች በጆሮ ተንሾካሾኩ። ድንቡሼ ወደ ማንም አላየችም። ቀጥ ብላ መድረኩን ታያለች፤ ቦርሳዋን የያዙት ጣቶቿ ብቻ እዚህ ድረስ ነጥተው ታዩኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ሰው ሊረሳው የደረሰውን ነገር፣ ልጆቿ የማያውቁትን ነገር፣ እኛው ጎትተን አምጥተን መብራት አበራንበት። መብራቱን ያበራሁት ደግሞ እኔ በገዛ እጄ ነኝ።

መምህር ሹራቡን አወለቁ። ክንዳቸው ላይ አደረጉት። «አንቺ የሰረቅሽኝ…» አሉ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሽርጤን እንደታጠቅኩ፣ በነጠላ ጫማ፣ መድረኩ መሃል ቆሜ ራሴን አገኘሁት። መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ፤ ሰው አይታየኝም፣ ጥቁር ብቻ ነው። መምህር አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«አልሰረቀችም» አልኩ። «ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደብተሯን የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ ክምር ተሳስቼ። ፈተናው እዚያ ውስጥ መኖሩን እሷ አታውቅም ነበር። ዘጠና ስምንቱን በጭንቅላቷ ነው ያመጣችው። ሥራዬን እንዳላጣ ዝም አልኩ። እሷም ለእኔ ብላ ዝም አለች። ይቺ ልጅ ሌባ አይደለችም።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌላው ተከተለ። አዳራሹ በሙሉ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ሰው እየተነሳ ነው። መጀመሪያ አልገባኝም። አንዲት ሴት «እንዴት ታምር ነው የምትጫወተው» ስትል ስሰማ ገባኝ።

ቴአትር መስሏቸዋል።

«እውነቴን ነው» አልኩ። ጭብጨባው ባሰ። «ኧረ ስሙኝ፣ የምሬን ነው» ብል ጭራሽ ፉጨት ተጨመረበት። ወደ መምህር ዞርኩ። ሹራቡን ክንዳቸው ላይ እንደያዙ መድረኩ ላይ ባለው ወንበር ዘፍ አሉ። እሱንም ወደዱላቸው። ምን ይዋጠኝ? ሮጬ ገባሁና መጋረጃውን ሳብኩት። ሌላ የሚስብልኝ ሰው የለም።

ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል መምህር የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡትም።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሙጫውን አይቼው ነበር» አሉ። «ዳር ዳሩ በወጉ ታጥፎ፣ እኩል ተለጥፎ ነበር። የልጅ ሥራ አይመስልም ብዬ ነበር፣ ለአንድ አፍታ። ከዚያ ተናደድኩና ተውኩት።» ሌላ ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳይሬክተሩ በሩን ከፍቶ ገባ፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ናጠው። «የአንድ ሰው ብላችሁ ሸወዳችሁን አይደል? እትዬ፣ ይቺን ችሎታ የት ደብቀሽ ነው የኖርሽው?» ከኋላው ሌሎች መጡ፣ ሳሙኝ፣ አቀፉኝ። ያኔ «ምስኪን» ያለችኝ የሒሳብ መምህርት እንባዋን እየጠረገች «አንጀቴን በላሽው» አለችኝ። ኮቶቹን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

ሰዉ ሲያልቅ ድንቡሼ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መምህር ሊነሡ ሞከሩ። «ቁጭ ይበሉ መምህር» አለቻቸው። ይቅርታ ሊጠይቋት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በጨዋ ደንብ «ግድ የለም፣ በኋላ እንነጋገራለን» ብላ ወደ እኔ ዞረች። አላለቀሰችም። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ እመልሳለሁ፤ አፍ አላጣም። እሷ ግን ልብስ ለመለካት የመጣ ሰው እንደምታይ ነው የምታየኝ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«ያን ቀን መቼ ነው ያወቅሽው?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። «ለባሌ የነገርኩት እንዲህ ብዬ ነው። አክስቴ አልሰማችም ነበር፣ ማታ ቤት ገብቼ ሳለቅስ ነው የሰማችው፣ ያኔ የመባረሪያዬ ደብዳቤ ተፈርሞ ነበር፣ ምንም ልታደርግ አትችልም ነበር አልኩት። ለራሴም የምለው ይኼንኑ ነው። እንደዛ ነው አይደል?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። አንዲት «አዎ» ብላት ታቅፈኝ ነበር፤ ወደ ቤት ይዛኝ ትሄድ ነበር፣ ልጆቿ አያታቸውን ይዘው ይጫወቱ ነበር። ይኼን ሁሉ ዓመት እኔን የወደደችው በዚያች ነገር ላይ ቆማ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሁለት መቶ ሰው ፊት ያወጣሁት ቃል አንድ ሰው ፊት አልወጣ አለኝ። መምህር አንገታቸውን ደፍተዋል።

«አይደለም» አልኩ። «ረፋድ ላይ ነው የሰማሁት።»

«ቢሮው በር ላይ አቁመውኝ ሳለ?»

«አዎ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ እዚያ የቆምኩት።»

«አውቃለሁ። ከማባዣ ክፍሌ መስኮት ትታዪኝ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። «እኔም መስኮቱን እያየሁ ነበር» አለች። «ትወጫለሽ ብዬ።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወጣች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ መምህር ቀና ብለው አዩኝና «ሂጂ እንጂ» አሉኝ። ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሰዎች መንገድ ለቀውልኝ እንደገና አጨበጨቡ፤ ገፍቻቸው አለፍኩ። በሩ ላይ ስደርስ መንገዱን ተሻግራ በወዲያኛው ዳር እየሄደች ነበር። ጉልበቴን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ፣ «ድንቡሼ» ብዬ ጠራኋት። አልዞረችም። መኪናው እስኪያልፍ ጠብቄ ተሻገርኩና ደግሜ እየጠራኋት ተከተልኳት።